ዕቁቡን ለለንደኑ «ወኪል» ከመላክሽ በፊት

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ውድ ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 28 ሲሆን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ለዓመታት ማታ ማታ በደብተር ስጽፈው የኖርኩትን ልብ ወለድ ጨርሼ፣ ጽሕፈት የሚሠሩ ልጆች ጋ ወስጄ በኮምፒውተር አስጽፌዋለሁ። 380 ገጽ ሆኗል። በውጭ አገር ትልልቅ አሳታሚዎች ያለ ሥነ ጽሑፍ ወኪል፣ ማለትም ደራሲውን ወክሎ መጽሐፉን ለአሳታሚ ከሚሸጥ ሰው ውጭ፣ የመጣ ረቂቅ እንደማይቀበሉ ካነበብኩ ወዲህ ወኪል ፍለጋ ላይ ነኝ። አዲስ አበባ ወዳለ አንድ አሳታሚ ደውዬ ስለ ወኪል ብጠይቅ፣ የሽያጭ ወኪል መስየው ‹ስንት ኮፒ እንላክልሽ?› አለኝ። በዚህ መሀል ለንደን የሚኖር የሥነ ጽሑፍ ወኪል ነኝ የሚል ሰው በፌስቡክ አገኘኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ልኬለት በጣም አደነቀው፤ ለግምገማና ለምዝገባ 350 ዶላር እንድልክ ጠይቆኛል። በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል። ልላክለት? ካልሆነስ ወኪል እንዴት ይገኛል? ሥራዬን ለቅቄ አዲስ አበባ ብገባ ይሻለኝ ይሆን? የሰውየውን መልእክትና የልብ ወለዱን ሁለት ገጾች አያይዤልዎታለሁ፤ አራተኛው ምዕራፍ ግን ከዚህ ይበልጣል።»

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የዕቁቡን ነገር እንጨርስ። አትላኪ። ቀንሶ 100 ዶላር ቢልሽም አትላኪ፤ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን መጽሐፉ ሲወጣ» ቢልሽም አትላኪ። መልእክቱን አነበብኩት። አንቺ የላክሽለት በአማርኛ የተጻፈ ምዕራፍ ነው፤ እሱ በዚያው ምሽት በእንግሊዝኛ «በዘመኔ ካነበብኳቸው ሁሉ የላቀ» ብሎ መለሰልሽ። አማርኛ አጥርቶ የሚያነብ የለንደን ወኪል ተገኘ እንበል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ውዳሴ ውስጥ የዋና ገጸ ባሕሪሽ የዘሀራ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠራው ለምንድን ነው? ስለ ፋብሪካው አላነሣም፤ ስለ ወንድሟም ትንፍሽ አላለም። ያንኑ ደብዳቤ ስለ ንብ እርባታ ለጻፈ ሰው ቢልከው አንድ ቃል መለወጥ አያስፈልገውም።

እውነተኛ ወኪል ገንዘብ የሚያገኘው መጽሐፍሽን ሲሸጥ ብቻ ነው። በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ የተለመደው ድርሻ ደራሲው ከሚያገኘው ላይ 15 በመቶ ነው፤ ለሌላ አገርና ለትርጉም የሚሸጥ መብት ላይ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ይሆናል። አሳታሚው 10,000 ዶላር ቀብድ ቢከፍል 1,500ውን ወኪሉ ይወስዳል፣ 8,500ው ለደራሲው ይደርሳል። ለማንበቢያ፣ ለመመዝገቢያ፣ ለመገምገሚያ እየተባለ አስቀድሞ ከደራሲ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ የለም። የታወቁት የወኪሎች ማኅበራትም አባሎቻቸው የንባብ ክፍያ እንዳይጠይቁ በሥነ ምግባር ደንባቸው ከልክለዋል። ሰውየው ይህን ብትነግሪው «የእኛ አሠራር የተለየ ነው» ይልሻል። ልዩነቱ ገብቶናል በይውና ዝጊው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ወኪል ያጣሽው ኮምቦልቻ ስለምትኖሪ አይደለም፤ አራት ኪሎ ብትኖሪም አታገኚም ነበር። እዚህ ሥራው እንደ ሙያ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን፣ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ፣ በቁጥር ላሳይሽ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ የወረቀት ዋጋ ከምንዛሪ ጋር አብሮ ስለሚወጣ እውነተኛውን ከማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስበሽ እይው። አንድ ሺህ ኮፒ በ200 ብር ሒሳብ ብታሳትሚ 200,000 ብር ታወጫለሽ። የሽፋኑ ዋጋ 500 ብር ሆኖ አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢይዝ፣ በአንድ ኮፒ 325 ብር ይደርስሻል። የማሳተሚያውን ወጪ ብቻ ለመመለስ 616 ኮፒ መሸጥ አለበት። ሺው በሙሉ አልቆ፣ ገንዘቡ በሙሉ ቢሰበሰብ (በሙሉ መሰብሰቡ ራሱ ሌላ ልብ ወለድ ነው) ትርፍሽ 125,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለወኪል 15 በመቶ ብትሰጪ 18,750 ብር ይደርሰዋል። በአንዲት ደራሲ መጽሐፍ ወራት ሲሯሯጥ የከረመ ሰው በዚህ የቤት ኪራዩን አይከፍልም። ሙያው ያልበቀለው ለዚህ ነው።

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ እየተቀበለ፣ እያስገመገመ፣ እያረመ ያሳትምና ያከፋፍል ነበር። ሳንሱሩን ረስቼ በዚያ ዘመን ናፍቆት የምቃጠል እንዳይመስልሽ፤ ቢያንስ ግን ደራሲ ከማተሚያ ቤት ጋር ስለ ወረቀት ዋጋ አይከራከርም ነበር። ዛሬ አብዛኛው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚታተመው በደራሲው ገንዘብ ነው። በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ቤቶች አሉ፤ ስም ካለው ደራሲ ግን ይጀምራሉ። ስለዚህ ያለሽ መንገድ ውጭ አገር አንድ ወኪል ጠቅልሎ የሚሠራውን ሥራ ነጣጥሎ ለየባለሙያው መስጠት ነው፤ ረቂቁን በጨካኝ ዓይን የሚያነብ፣ መጽሐፉን ገበያ የሚያደርስ፣ ውሉን የሚመረምር ሰው መፈለግ።

የሚከብደው የመጀመሪያው ነውና እዚያ ላይ ልቆይ።

የላክሽልኝ ሁለት ገጽ በጭጋግ ይጀምራል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ይነሣና ደሴን ያለብሳል፣ ሀረጎን ይወርዳል፣ ቦርከና ላይ ይተኛል። አንድ ገጽ ተኩል ሄደን ገና ሰው አላየንም። ከዚያ በሁለተኛው ገጽ ወገብ ላይ እንዲህ ይመጣል፦ «ዘሀራ የደመወዝ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ወንድሟ ቦርሳዋን እንጂ ጫማዋን አይፈትሽም።» መጽሐፍሽ የሚጀምረው እዚህ ነው። ወንድምየው ለምን ይፈትሻታል? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ከነገረችው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ልዩነቱን ምን ልታደርግበት ነው? በሁለት ዓረፍተ ነገር ሦስት ጥያቄ አስያዝሽኝ። ቀጥለሽ ግን «ዘሀራ በቤተሰቧ ጫና ሥር የምትማቅቅ ምስኪን ልጅ ነበረች» ብለሽ ጻፍሽ። ጫማው ነግሮን ጨርሷል እኮ! ያችን ዓረፍተ ነገር ሰርዣት። ጭጋጉንም ከነጭራሹ አትጣዪው፤ ዘሀራ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ባጃጅ ስትጠብቅ ሁለት መስመር ብትሰጪው ይበቃዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር በ380 ገጽ ላይ በሙሉ የሚያደርግልሽ ሰው ነው የሚያስፈልግሽ፤ እሱም አርታዒ ይባላል። በእኛ አገር «አርትዖት» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የፊደል ግድፈት መልቀም ነው። ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ በየገጹ እንዳይለዋወጡ ማድረግ ጠቃሚ ነው፤ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ የምትፈልጊው «ይህ ምዕራፍ ይውጣ፣ ይህ ሰው ለምን ተመልሶ አልመጣም?» የሚልሽን ነው። ደሴ ላንቺ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ይዘሽ ትወጫለሽ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ከሚያስተምሩት መምህራን አንዱን በአክብሮት ቀርበሽ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች ስጪ። ሙሉውን አትጫኚባቸው፤ ሃምሳውን አንብበው ቀሪውን ከጠየቁሽ ያ ራሱ መልስ ነው። ሁለተኛው አንባቢሽ ከፋብሪካው ወለል ይሁን፤ ማሽን ላይ የቆመች፣ ልብ ወለድ የምትወድ አንዲት ሴት አትጠፋም። አንቺ የሒሳብ ክፍል ሰው ነሽ፤ ክር ሲበጠስ እጅ ምን እንደሚያደርግ የምታውቀው እሷ ናት። ዘመድና የሰፈር ጓደኛ «በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ከመለሰልሽ ወይ አላነበበውም፣ ወይ ይወድሻል።

ከዚያ በክፍያ የሚሠራ አርታዒ ትፈልጊያለሽ። የዕቁቡ ገንዘብ እዚህ ቢገባ አይቆጭም። ክፍያውን በገጽ ተስማሙ፤ ከመስማማትሽ በፊት ግን አሥር ገጽ ሰጥተሽ የእርማቱን ናሙና እይ። ገጹ ላይ የሰፈረው እርማት ሁሉ የሥርዓተ ነጥብ ብቻ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጊ።

በመሀሉ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጽሕፈት የሠሩልሽ ልጆች ኮምፒውተር ላይ መጽሐፍሽ ዛሬም ተቀምጦ ይሆናል። ልጆቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ግን ያ ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አስቢ። ሄደሽ ቅጂውን ውሰጂና ፊት ለፊትሽ ይጥፋ። ፋይሉ በቆየ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ከሆነም በዩኒኮድ እንዲለወጥ አድርጊ፤ አለበለዚያ አርታዒው ሲከፍተው ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ያገኛል። ሙሉውን ረቂቅ በቴሌግራም ለማንም አትላኪ። በአገራችን በፒዲኤፍ ተሰራጭቶ ሜዳ የቀረውን መጽሐፍ አንቺም ታውቂዋለሽ።

በሕግ በኩል አብሽሪ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብትሽ የሚጀምረው ሥራውን ፈጥረሽ ካሰፈርሽበት ጊዜ ነው፤ ባይመዘገብም ያንቺ ነው። ጥበቃው በሕይወት ዘመንሽ ሁሉና ከዚያ በኋላም ለወራሾችሽ ለ50 ዓመት ይቆያል። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ግን ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆንሻልና አድርጊው።

ረቂቁ ከታረመ በኋላ በራሳቸው ወጪ ሊያሳትሙ ለሚችሉ ቤቶች ጻፊ። በውጭ አገር ለወኪል የሚላከው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ያንን ልማድ ብንወስድ የሚያሳፍር አይደለም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሥነ ጽሑፍ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» አትበዪ፤ ያልነበረው የለም። እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦

«ዘሀራ በኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሌሊት ትሠራለች። ከደመወዟ ግማሹን ከወንድሟ ደብቃ ታስቀምጣለች። ወንድሟ ገንዘቡን ሲደርስበት ግን የተደበቀው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ይገለጣል። ልብ ወለዱ 380 ገጽ ነው፤ ተጠናቆ ታርሟል። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ በፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎችና የታሪኩን ጠቅላላ ይዘት በሁለት ገጽ አያይዣለሁ።»

ስምሽ፣ ስልክሽ፣ አለቀ። የተደበቀው ሌላ ነገር ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ሁለት ገጽ ብቻ ነው የላክሽልኝ። በይዘቱ ገጾች ላይ ግን መጨረሻውን ሳትደብቂ ተናገሪ። አሳታሚ እንደ አንባቢ ልቡ እንዲንጠለጠል አይፈልግም፤ ታሪኩን መቋጨት መቻልሽን ነው የሚፈልገው። አንድ ወር ጠብቀሽ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ደውዪ። ከዚያ በኋላም ዝም ካሉ ወደሚቀጥለው እለፊ። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርንም አትርሺ፤ ከ1952 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፣ ብዙ ጀማሪ ደራሲ ከአርታዒና ከአሳታሚ ጋር የተዋወቀው በእንዲህ ያለ ቤት ነው።

በራስሽ ገንዘብ የምታሳትሚ ከሆነ ከማተሚያ ቤቱ በፊት አከፋፋዩን አግኚ። ብዙዎች ተገላቢጦሽ ያደርጉትና መጽሐፉ አልጋ ሥር ይከርማል። ደሴ ፒያሳ ያሉትን የመጽሐፍ መደብሮች ገብተሽ «አዲስ ልብ ወለድ የሚያመጣላችሁ ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሦስት ሱቅ ባለቤቶች አንድ ስም ከጠሩልሽ ሰውሽን አገኘሽ። ስንት በመቶ እንደሚይዝ፣ በስንት ጊዜ እንደሚተሳሰብ፣ ያልተሸጠውን ማን እንደሚመልስ በጽሑፍ ይሁን። ዓለም አቀፉን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከወመዘክር፣ ትወስጃለሽ፤ ይህ ውጣ ውረድ የለውም። የተወሰነ ኮፒ ለራስሽ አስቀሪ። ስለ ሌሊት ፈረቃ የተጻፈ መጽሐፍ ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት ፋብሪካ በር ላይ የሚሸጠውን ያህል አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ይሸጣል ብዬ አላምንም። በዚያ ላይ በር ላይ የሸጥሽው 35 በመቶ አይቀነስበትም።

ውል ላይ አንድ ቃል። «ማናቸውም መብቶች ሁሉ ተላልፈዋል» የሚል አንቀጽ ካየሽ ብዕርሽን አስቀምጪ። የመጀመሪያውን ኅትመት መብት፣ በዚህን ያህል ኮፒ፣ ለዚህን ያህል ዓመት ብለሽ ስጪ፤ የትረካውን፣ የፊልሙን፣ የትርጉሙን ለየብቻ አስቀሪ። ትረካን የምጠቅሰው በምክንያት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ዛሬ ደግሞ ትረካ የሚሸጡ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2672 ጀምሮ ስለ ማሳተም ውል ይናገራል፤ ከመፈረምሽ በፊት ደሴ ላለ አንድ ጠበቃ ውሉን አሳዪው። ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍዪው ዓመታት ከመሟገት ይሻላል።

ለንደንና ኒው ዮርክ ገና ከልብሽ እንዳልወጡ አውቃለሁ። መንገዱ ዝግ አይደለም፤ ረጅም ነው። እዚያ ያለ ወኪል የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለልብ ወለድ ደግሞ ያለቀ ሥራ እንጂ ጅምር አይቀበልም። የመጀመሪያ ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል እንዲሆን ይጠብቃሉ፤ አንዱ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ሁለትም ሦስትም ስለሚሆን ያንቺ ሲተረጎም ይህን ሳያልፍ አይቀርም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በአማርኛ የወጣው በ1975 ነው፤ በሁለት ተርጓሚዎች እጅ በእንግሊዝኛ ታትሞ ለንደንና ኒው ዮርክ የወጣው በ2017 ነው። በዓሉ ግርማ ይህን ያህል ከጠበቀ እኔና አንቺ ብንጠብቅ ምን ይገርማል? ራስሽ በመዝገበ ቃላት ልትተረጉሚው እንዳትሞክሪ። ይልቅ ከመጽሐፉ አንድ ራሱን የቻለ ታሪክ አውጥተሽ፣ ጥሩ ተርጓሚ አግኝተሽ፣ የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ሞክሪ። ለአፍሪካውያን አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠው የኬን ሽልማት በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣን ሥራ፣ ትርጉምም ቢሆን፣ ሲቀበል ቆይቷል፤ የዓመቱን ጥሪ አረጋግጪ። የኮመንዌልዙ የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት ግን ለአባል አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነ እኛን አይመለከትም፤ ጊዜሽን አታባክኚበት። ወኪል የሚመጣው እንዲህ ያለ ታሪክ አንብቦ ስምሽን ሲፈልግ ነው፤ ያን ጊዜም አንድ ብር አይጠይቅሽም።

ሥራሽን መልቀቁ ላይ አልስማማም። አዲስ አበባ ገብተሽ ለአንድ ክፍል ቤት የምትከፍዪው ኪራይ በጥቂት ወራት ውስጥ የማሳተሚያውን ገንዘብ ይበላዋል። አሳታሚ ለማነጋገር ካስፈለገ ዓመት ፈቃድሽን ይዘሽ ሂጂና ተመለሽ። ዘሀራንም የምታዪያት እዚያው ነው፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን በመስኮትሽ በኩል።

አራተኛውን ምዕራፍ ላኪልኝ። ከመጀመሪያው ይበልጣል ያልሽው እውነት ከሆነ፣ መጽሐፉ ከአራተኛው ይጀምር እንደሆነ አብረን እናያለን።